የላመው ክኒን

«አባባ፣ በሩን ይክፈቱልኝ። አባባ፣ ይሰሙኛል?»

ባለወፍጮዋ የመታጠቢያ ቤቱን በር በሁለት እጇ ትደበድባለች። ከውስጥ የሚመልስላት የቧንቧ ውኃ ብቻ ነው። ከግቢው ማዶ ወፍጮው ባዶውን ያጓራል፤ ሞተሩን ለማጥፋት እንኳ ፋታ አላገኘችም። ወረፋ ከሚጠብቁት ሴቶች አንዷ «እትዬ፣ ከቤት ውስጥ አንድ ነገር የወደቀ መሰለኝ» ስትላት ነው እጇ ላይ የነበረውን ጣሳ ጥላ የሮጠችው። ፀጉሯ፣ ቅንድቧና ሽርጧ ዱቄት እንደለበሱ በሩን በትከሻዋ ገጨችው። አንዴ፣ ሁለቴ። በሦስተኛው መቀርቀሪያው ተነቅሎ ወደ ውስጥ ገባች።

አባቷ ከእጅ መታጠቢያው ሥር ተጣጥፈው ወድቀዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል። ግንባራቸው በላብ ርሷል፤ ስትነካቸው ግን ቀዝቅዘዋል። ጎንበስ ብላ ጭንቅላታቸውን ክንዷ ላይ አስደገፈች።

«አባባ፣ እኔ ነኝ። ምን ሆኑብኝ?»

ሽማግሌው ዓይናቸውን በጭንቅ ገለጥ አደረጉ። «ወፍጮው ባዶውን እየዞረ ነው» አሉ። «ድንጋዩን ትጨርሺዋለሽ።»

እንግዲህ ሰውየው እንዲህ ናቸው። አርባ ዓመት ሙሉ እህል ሲፈጩ ኖረው፣ ጉልበታቸው ሲደክም ወፍጮውን ለልጃቸው አስረክበው፣ ዛሬ ነፍሳቸው ልትወጣ ስትል እንኳ የሚያስጨንቃቸው ድንጋዩ ነው። ልጃቸው ትሳቅ ወይ ታልቅስ አላወቀችም። በዚህ ሁለት ሳምንት ውስጥ ሲወድቁ ይሄ ሦስተኛ ጊዜያቸው ነው፤ እንደዛሬው ሆነው ግን አያውቁም።

ሴቶቹ ተረባርበው አወጧቸው። ደግነቱ እህል ያመጣች አንዲት ፒካፕ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ከጆንያዎቹ መሀል አስተኟቸው፤ ባለወፍጮዋ ከጎናቸው ተንበረከከች። አንዷ ደንበኛ ሞተሩን አጠፋችና «አንቺ ሂጂ፣ እዚህ እኛ አለን» አለቻት። መኪናዋ ስትነሳ ባለወፍጮዋ የአባቷን የእጅ ሥር ፈልጋ ጣቷን አሳረፈችበት። አንዴ መታ። ከዚያ ዝም አለ። ጠፋ ብላ ነፍሷ ልትወጣ ስትል ደግሞ መታ።

«አይለዩኝ እንጂ አባባ» አለች። «እባክዎ አይለዩኝ።»

ሽማግሌው የልብ ሕመምተኛ ከሆኑ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ልባቸው ያለ ልክ እየሮጠ ስለሚያስቸግራቸው የልብን ምት ረገብ የሚያደርግ ክኒን ታዞላቸዋል። ክኒኑ ጠቅሟቸው ነበር፤ ችግራቸው መዋጡ ነው። አንድ ቀን ጉሮሯቸው ላይ ተሰንቅሮ ትን ብሏቸው፣ ዓይናቸው ፈጦ፣ ልጃቸው ጀርባቸውን እየደቃች ለትንሽ ነው የተረፉት። ከዚያን ቀን ጀምሮ «እኔ ጠጠር አልውጥም» ብለው እርም አሉ። ልጅ ምን ይገዳታል? መፍጨት ሥራዋ ነው። ትንሽ የብረት ሙቀጫ ገዝታ ጠዋት አንዷን፣ ማታ አንዷን ክኒን እየወቀጠች፣ እያላመች፣ በማር ለውሳ በማንኪያ ስታቀምሳቸው ከረመች። አንድም ቀን ዘንግታ አታውቅም። አባቷም ማንኪያውን ልሰው «ይሄ ነው ዱቄት» ይሏታል፤ ከእሳቸው አፍ ይሄ ትልቅ ምስጋና ነው።

ከወር በፊት ሆስፒታሉ ክኒኑን ለወጠው። ጠዋትና ማታ የነበረው በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ሆነ። «እሰይ፣ ሥራ ቀለለልኝ» ብላ አዲሱን ክኒን ተቀብላ መጣች፤ እንደለመደችውም መፍጨቷን ቀጠለች።

አዲሱ መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ የሽማግሌው ነገር ግራ የሚያጋባ ሆነ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይወስዳሉ፤ ሦስት ሰዓት ሲሆን ያዞራቸዋል፣ ላብ ያጠምቃቸዋል፣ አንዳንዴም ይወድቃሉ። ከሰዓት በኋላ ይሻላቸዋል። ሊነጋ ሲል ደግሞ ልባቸው ይጋልብና «ልጄ፣ መድኃኒቴን አምጪልኝ፣ ልቤ ደረቴን ሊበሳው ነው» እያሉ ይቀሰቅሷታል። እሷም ተነስታ ትፈጭና አንድ ሰዓት ሲሆን ትሰጣቸዋለች። ሲብስባቸው ደህና ስላላላመችው መሰላትና አጥብቃ መውቀጥ ጀመረች። ዛሬ ጠዋትማ በወንፊት ጭምር ነፋችው።

ሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ነርሷ የሽማግሌውን እጅ ይዛ ሰዓቷን እያየች ቆየች። ሐኪሟ በዕድሜ ለጋ ናት፤ ዓይኗ ግን የሰለጠነ ነው።

«ስንት ነው?» አለች።

«ሠላሳ ስድስት።»

«የደም ግፊታቸውስ?»

ነርሷ ቁጥሩን ዝቅ ባለ ድምፅ ነገረቻት። ባለወፍጮዋ ቁጥሩ ባይገባትም ድምፁ ገባት። ግድግዳውን ተደገፈች፤ ነጩ ግድግዳ ላይ የእጇ ዱቄት አልታየም። ሽቦዎች ደረታቸው ላይ ተለጠፉ። ማሽኑ ጢው ይልና ዝም ይላል፤ ጢው ይልና ዝም ይላል። በየመሀሉ ባለው ዝምታ እሷም ትንፋሿን ትይዛለች።

«መድኃኒታቸውን የሚሰጣቸው ማን ነው?» ሐኪሟ ጠየቀች።

«እኔ ነኝ።»

«በትክክል ይወስዳሉ? የሚያመልጣቸው ቀን የለም? በስህተት ሁለት የሰጣችኋቸውስ?»

«ኧረ የለም። በቀን አንድ ነው፤ አንድ ነው የምሰጣቸው። አንድም ቀን አሳልፌ አላውቅም» አለች ባለወፍጮዋ። እውነቷን ነው። እንዲያውም ትንሽ ኮራ ብላ ነው የተናገረችው፤ ይህቺ ኩራት በኋላ ነው አንጀቷን የበላቻት።

ታናሽ ወንድሟ ከትምህርት ቤት እየሮጠ ደረሰ። የሒሳብ መምህር ነው፤ ጣቶቹ ላይ ጠመኔ እንዳለ ነው የመጣው። አባቱን አየ፣ ማሽኑን አየ፣ ከዚያ ወደ እህቱ ዞረ።

«ብዬሻለሁ እኮ እትዬ። ይሄ መድኃኒት ነው የሚገድላቸው አላልኩሽም? ተይው አላልኩሽም?»

«ሐኪም ያዘዘውን እኔ በምን አፌ ነው የማቆመው?»

«እንግዲያው እዪው። ይኸው ውጤቱ።»

«ቀስ በሉ» አለች ሐኪሟ። «ይሄን መድኃኒት በገዛ ፈቃድ ድንገት ማቋረጥም አደጋ ነው። ተይዞ የነበረ ልብ በአንዴ ሲለቀቅ ይብስበታል፤ ሰው እስከ መግደል ይደርሳል። ዛሬ እኛ እዚሁ እያየናቸው እንይዘዋለን። ቤት ውስጥ ግን እንዲህ አይደረግም።» ከዚያ ወደ ባለወፍጮዋ ተመለሰች። «ማታ ማታስ እንዴት ናቸው?»

«ማታ ደህና ናቸው። ሊነጋ ሲል ግን ልባቸው ይጋልባል።»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ነገሩ እንዳልጣማት ያስታውቃል።

«አንዴ ይሮጣል፣ አንዴ ሊቆም ይደርሳል» አለች በመጨረሻ። «እንዲህ ያለ ልብ አለ። ለሩጫው መድኃኒት ስትሰጪው ይቆማል፤ ካልሰጠሽው ይሮጣል። መፍትሔው ከደረት ቆዳ ሥር የሚቀበር ማሽን ነው። እሱ እዚህ የለም። ወደ ትልቁ ሆስፒታል ልልካቸው ነው፤ በአምቡላንስ ስድስት ሰዓት ያህል ይወስዳል።»

«መንገዱን ይችሉታል?» አለ ወንድሟ።

«እውነቱን ልንገራችሁ፤ እርግጠኛ አይደለሁም። ግን ሌላ ምክንያት ካላገኘሁ ምርጫ የለኝም።» ወረቀት ጽፋ ቀይ ማኅተም አስደረገችበትና ለባለወፍጮዋ ሰጠቻት። «እስከዚያው ይሄን ከመድኃኒት ቤቱ አምጪልን። ወረፋ አትጠብቂ፣ በቀጥታ ወደ መስኮቱ ሂጂ።»

የመድኃኒት መስጫው መስኮት ከኮሪደሩ ጫፍ ነው። ወረፋው እስከ ግቢው በር ተዘርግቷል። ባለወፍጮዋ ቀዩን ማኅተም እያሳየች ከፊት ደረሰች። መስኮቱ ጋ አንዲት አሮጊት ክኒናቸውን እየተቀበሉ ነበር። ወጣቱ መድኃኒት ሰጪ ወረቀቷን አየና «መጣሁ እትዬ፣ ወዲያው» ብሎ ለአሮጊቷ የጀመረውን ሊጨርስ ተቻኮለ።

«እማማ፣ ይስሙኝ። ይቺን በቀን አንድ። እንዳለች ነው የምትዋጠው፤ እንዳያኝኳት፣ እንዳይፈጯት። የሙሉ ቀን መድኃኒት ናት፤ ሆድ ውስጥ ገብታ ቀስ በቀስ ነው የምትለቀው። ከተፈጨች ግን የቀኑን ሁሉ በአንዴ ታፈስብዎታለች፤ ልብዎን ታቆመዋለች። ገባዎት?»

«ገባኝ ልጄ፣ አላኝክም» አሉ አሮጊቷ። «በምን ጥርሴ?»

ወጣቱ ሳቀ። አሮጊቷም ሳቁ። ባለወፍጮዋ ዓይኗ መደርደሪያው ላይ ያለው የክኒኑ ካርቶን ላይ ተተከለ። ነጭ ነው፣ ጥጉ ላይ ሰማያዊ ሰረዝ አለው። ቤት ከአባቷ አልጋ አጠገብ ያለው ካርቶንም ነጭ ነው፣ ጥጉ ላይም ሰማያዊ ሰረዝ አለው።

ወጣቱ መርፌውንና ጉሉኮሱን ሲያቀብላት ሁለት ጊዜ «እትዬ» ብሎ ጠራት።

ባንድ ጊዜ ሁሉ ነገር ፊቷ ላይ ድቅን አለ። ከወር በፊት እዚሁ መስኮት ላይ ቆማ ነበር። ይሄው ልጅ «ይሄኛው እንደ በፊቱ አይደለም፣ አወሳሰዱ...» ብሎ ጀምሮላት ነበር። እሷ ናት ያላስጨረሰችው። «ገባኝ ገባኝ፣ በቀን አንድ» ብላ ካርቶኑን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ነው የሄደችው። ለምን? ከኋላዋ ሰው ስለነበረ ነው። ወረፋ ምን እንደሆነ እሷ ታውቃለቻ። ወፍጮ ቤቷ ውስጥ አንዷ ደንበኛ መጥታ «ላመልኝ ወይ? ሻከረብኝ ወይ? ትንሽ ይደገምልኝ፣ እስቲ ልየው» እያለች ስትንዛዛባት ጆንያዋን ገፋ አድርጋ «እህ፣ ሌላም ሰው አለ እኮ» ትላታለች። በቀን ሃያ ጊዜ ትለዋለች። ሰፈርተኛው በሌለችበት «ሌላም ሰው አለ» ብሎ ነው የሚጠራት፤ «ሌላም ሰው አለ ዛሬ ከፍታለች?» ይባባላሉ። ታውቃለች፤ ትስቃለችም። እንግዲህ ያን ቀን መስኮቱ ላይ እንደዚያች ደንበኛ ላለመሆን፣ ሰው ላለማስቆም፣ ልታይ ባይ ላለመባል ብላ ነው አባቷን መርዝ ስታበላ የከረመችው።

ኮሪደሩን እንዴት እንደተመለሰችበት አታውቅም። መሀል ላይ ስትደርስ ግን እግሯ ቆመ። ከግድግዳው ጋር የተሰካ አግዳሚ ወንበር ነበር፤ ተቀመጠችበት።

መቼም ሰው ነች፤ መጀመሪያ የመጣላት ዝም ማለት ነው። ማን ያውቃል? ሙቀጫውን ያየ የለም። ከአሁን በኋላ አትፈጭላቸውም፣ አለቀ። አባቷም ማሽኑ ይገባላቸዋል፤ ማሽን ምን ክፋት አለው? ይሻላቸዋል። ወንድሟም «መድኃኒቱ ነው» እንዳለ ይቀራል። ከተናገረች ግን በቃ፤ አባቷን የገደለች ልጅ ትባላለች። ወንድሟ ከዛሬ ጀምሮ አባቱን ከእሷ ጋር አያሳድርም፤ ወስዶ ቤቱ ያስቀምጣቸዋል፣ እሷም ያንን ግቢ ከወፍጮው ጋር ብቻዋን ታቅፋ ትቀራለች። ማታ ማታ ማንን «በልተዋል?» ትላለች? ማን ነው ከዱቄቱ ቆንጥሮ በጣቱ እያሸ «ድንጋዩ ሊጠረብ ይገባዋል» የሚላት?

በኮሪደሩ ሌላኛው ጫፍ ባለው የመስኮት መስታወት የአምቡላንሱ ሾፌር የኋላውን በር ሲከፍት ታያት። ስድስት ሰዓት መንገድ። ከዚያ የሰባ አራት ዓመት ሰው ደረት ይሰነጠቃል። ምናልባትም በከንቱ። ሐኪሟ ምን ነበር ያለችው? ሌላ ምክንያት ካላገኘሁ። ምክንያቱ ደግሞ ይኸው፣ ዱቄት ለብሶ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል።

ተነሳች። እንባዋ ዱቄቱን አልፎ ጉንጯ ላይ ሁለት መስመር አስምሯል። ድንገተኛ ክፍል ስትገባ ወንድሟ የአባቱን እግር ብርድ ልብስ እያለበሰ ነበር፤ ሐኪሟ የመላኪያውን ወረቀት እየሞላች ነው።

«ሐኪም» አለች። «አትጻፊው። እኔ ነኝ።»

«ምኑን?»

«እፈጨዋለሁ። ክኒኑን። መዋጥ ስለማይችሉ እየፈጨሁ በማር ነው የምሰጣቸው። የበፊቱንም እፈጨው ነበር፣ ምንም አልሆኑም። አዲሱንም... አልጠየቅሁም። መስኮቱ ላይ ሊነግረኝ ሲል ገባኝ አልኩት። አልገባኝም ነበር።»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አልጮኸችም፤ ብትጮህባት ይሻላት ነበር።

«በጣም ይልማል?» አለች።

«ዱቄት ነው። ዛሬ በወንፊት ነፋሁት።»

«ስንት ሰዓት ላይ ሰጠሻቸው?»

«አንድ ሰዓት ላይ። ከዚያ ሦስት ሰዓት ላይ ወደቁ።»

«የበፊቶቹም ሲወድቁ ጠዋት ነበር?»

«ሁሌም ጠዋት ነው።»

ሐኪሟ የመላኪያውን ወረቀት ገለበጠችው። «እንግዲያው ልባቸው አልከዳቸውም» አለች። «ጠዋት የሃያ አራት ሰዓቱ በአንዴ ይገባል፣ ልባቸው ሊቆም ይደርሳል። ሊነጋ ሲል መድኃኒቱ አልቋል፣ ልባቸው ይጋልባል። ነገሩ ሁሉ ይገጥማል። ነርስ፣ ለአምቡላንሱ ይቆይ በይው። መርፌውን አሁን እንስጣቸው፤ እስከ ማታ እናያለን።»

«ዱቄት አደረግሽው?» አለ ወንድሟ። ድምፁ ቀጭን ሆኖ ወጣ። «የልብ መድኃኒት ዱቄት አደረግሽው?»

ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር። ያን ጊዜ ከአልጋው ላይ የደከመ ድምፅ መጣ። ተኝተዋል ያሉት ሽማግሌ ሁሉን ሰምተዋል።

«ደህና አድርጋ ነበር የፈጨችው» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «አንዲት ቅንጣት ጥርሴ ሥር አላገኘሁም።»

ነርሷ ሳቋ አምልጧት አፏን በእጇ ያዘች። ወንድሟ ዞሮ ከክፍሉ ወጣ። ባለወፍጮዋ አልጋው ሥር ተንበርክካ የአባቷን እጅ ግንባሯ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ እንደ ልጅ፣ ያለ ይሉኝታ።

ያ ቀን እንደምንም መሸ። ማሽኑ ሠላሳ ስድስት ያለው አርባ ሁለት አለ፣ ከዚያ ወደ አርባ አንድ ተመለሰ፤ ባለወፍጮዋም አብራው ወጣች፣ አብራው ወረደች። አንድ ጊዜ በመሀል ለረጅም ጊዜ ዝም ሲል ነርሷ እየሮጠች መጥታ ሁለተኛ መርፌ ሰጠቻቸው። ያቺን ደቂቃ ባለወፍጮዋ ዕድሜ ልኳን አትረሳትም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቁጥሩ ሃምሳ ገባ፤ በዚያው ጸና።

ወንድሟ ተመልሶ ከውጭ አግዳሚው ላይ አጠገቧ ተቀመጠ። ጣቱ ላይ የቀረውን ጠመኔ እየፋቀ ነበር።

«ከካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት እኔ አንብቤዋለሁ እኮ» አለ።

«የቱን?»

«የመድኃኒቱን ማብራሪያ። ያኔ ስንጨቃጨቅ ከቤት ወስጄው ነበር። አሁን መኪናዬ ውስጥ አገኘሁት። አይፈጭም ይላል፤ በትልቁ ነው የተጻፈው። አላየሁትም። ጉዳቱን የሚለውን ብቻ ነበር የምፈልገው፤ አንቺን ለመርታት።»

ቀና ብላ አየችው። የአርባ ልጆች ደብተር እያረመ የሚውል ሰው አንዲት መስመር አምልጣው ፊቱ ጠቁሯል። ልትጠላው ፈልጋ ነበር፤ አልሆነላትም።

«ወደ ቤትህ ልትወስዳቸው ነው?» አለችው።

«እሳቸው የሚሄዱ ይመስልሻል? ወፍጮውን ጥለው?»

በአራተኛው ቀን ሐኪሟ አባቷን ለቀቀቻቸው። ማሽኑም ቀረ፣ መንገዱም ቀረ። ወደ በፊቱ ዓይነት ትንንሽ ክኒን መለሰቻቸው፤ ጠዋት ግማሽ፣ ማታ ግማሽ። ባለወፍጮዋን አስቀምጣ የእጅ ሥር አቆጣጠር አስተማረቻት፤ የግድግዳ ሰዓት እያዩ አንድ ሙሉ ደቂቃ። መልሳ አስቆጠረቻት። ከዚያም በአንድ ትንፋሽ ብዙ ነገር ነገረቻትና ወደ ሌላ በሽተኛ ተጠራች። ባለወፍጮዋ እየደጋገመች፣ እንዳይጠፋባት እያጉተመተመች ወደ መድኃኒት መስጫው ሄደች። አባቷና ወንድሟ መኪና ውስጥ ይጠብቋታል።

ዛሬ ቀይ ማኅተም የላትም። ወረፋዋን ጠብቃ መስኮቱ ጋ ስትደርስ ያው ወጣት ነበር።

«እንኳን ደህና መጡ እትዬ። አባታችን ተሻላቸው?» አለና ካርቶኑን አቀበላት። «ጠዋት ግማሽ፣ ማታ ግማሽ።»

«ይሄ የሚፈጨው ነው?»

«አዎ፣ ይሄኛው ይፈጫል። ወዲያው የሚሠራው ነው።»

«እርግጠኛ ነህ? የዚያኛው ወንድም አይደለም? ካርቶኑ ይመሳሰላል።»

ወጣቱ ካርቶኑን መልሶ ተቀብሎ ስሙን በጣቱ አሳያት። «አይደለም። ይኸው፣ ይሄኛው ላይ ረጅም ጊዜ የሚለው ቃል የለም።»

«ግማሹንስ በምን ነው የምከፍለው?»

«መሀሉ ላይ መስመር አለው፤ በእጅዎ ሲጫኑት ይከፈላል።»

«የእጃቸው ሥር ከሃምሳ በታች ሆኖ ካገኘሁትስ?»

«አይስጧቸው፤ ወዲያው ይደውሉ ወይ ይዘዋቸው ይምጡ።»

«ማታ ረስቼ ቢነጋብኝስ? ጠዋት ሁለቱን ግማሽ ባንድ ላይ ልስጣቸው?»

«በፍጹም፤ ያለፈው አለፈ፤ የጠዋቷን ብቻ...»

ከኋላዋ ኮፍያ ያደረገ ሰውዬ እግሩን እየቀያየረ ተነፈሰ። ከእሱ በስተኋላ አንዷ «ኤጭ» አለች። ከዚያም ሰውዬው ሰው ሁሉ እንዲሰማው አድርጎ «እህ፣ ሌላም ሰው አለ እኮ» አለ።

የባለወፍጮዋ ፊት ጋለ። ቃሏን ራሷን ነው የሰማችው፤ ከነዜማው። ጀርባዋ ላይ የሃምሳ ሰው ዓይን ተሰካባት። እጇ እንደልማዱ ካርቶኑን ወደ ቦርሳዋ ወሰደው። «ገባኝ» የሚለውም ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል። አብዛኛው ገብቷት ነበር መሰለኝ። አንዲት ነገር ብቻ ናት የቀረቻት፤ የሚደወለው መድኃኒቱ ሲረሳ ነው ወይስ የእጅ ሥሩ ሲወርድ፤ ይቺ ተቀላቅላባታለች። ለአንዲት ነገር ብሎ ሰው ማስቆም ምን ይባላል?

እጇ ቦርሳው አፍ ላይ ቆመ። ከዚያ ካርቶኑን አውጥታ መስኮቱ ላይ መልሳ አስቀመጠችው።

«ይቅርታ ወንድሜ» አለች ለሰውዬው፣ ሳትዞር። ከቦታዋም ንቅንቅ አላለችም። ወደ ወጣቱ ጎንበስ ብላ ሁለት ክርኗን መስኮቱ ላይ አስደገፈች።

«አልገባኝም» አለችው። «እስቲ ከመጀመሪያው ንገረኝ።»